የሪጀንሲ ቀሚስ በቤት ስፌት፦ ነገሩ ያለው ከጀርባ ነው

ነጭ ረጅም ቀሚስ ነው። ከጡት ሥር ይታሰርና ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። እጅጌው አጭርና እብጥ ያለ፣ አንገቱ ገላጣ ነው። የድሮ እንግሊዝን የሚያሳዩ ተከታታይ ድራማዎችን የሚከታተል ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። "ይሄማ ምን አለው፣ ወገቡን ከፍ ማድረግ ነው" ይባልና ጨርቅ ይገዛል፣ ይቆረጣል፣ ይሰፋል። ሲለበስ ግን ወይ የእርጉዝ ቀሚስ ይመስላል፣ ወይ ቢጃማ።

ስፌቱ ስለከፋ አይደለም። ሁላችንም ልብስ የምናየው ከፊት ስለሆነ ነው። የዚህ ቀሚስ መልክ ግን የሚሠራው ከጀርባና ከውስጥ ነው። ፊቱ እንዲያውም ከሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ጀርባው ሲስተካከል፣ ከሥር የሚለበሰው ሲስተካከል፣ ያ በስክሪን ያያችሁት ቀጥ ያለ አቋም በራሱ ይመጣል። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ ግን የፈለገውን ያህል ዳንቴልና ጥብጣብ ቢለጠፍበት አያድነውም።

ዘመኑን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ለስፌቱም ይጠቅማል። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሪጀንሲ በጥብቅ ሲቆጠር ከ1811 እስከ 1820 ነው። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ታመው መግዛት ሲያቅታቸው ልጃቸው በእንደራሴነት አገር ያስተዳደሩበት ጊዜ ነው። የልብስ ሰዎች ግን ዘመኑን ሰፋ አድርገው ከ1795 ገደማ ጀምሮ ይቆጥሩታል። ፈረንሳዮቹም በዚያው ወቅት ተመሳሳይ ልብስ ይለብሱ ነበር። ከፍ ያለው ወገብ እስካሁን "ኢምፓየር" የሚባለው ከ1804 በኋላ በነበረው በናፖሊዮን ዘመነ መንግሥት ስም ነው።

ከዚያ በፊት የባለጸጋ ሴት ልብስ ደረቅ ሐር፣ ጎኑ በሽቦና በአጥንት የተወጠረ፣ በር ለማለፍ ወደ ጎን መዞር የሚያስፈልገው ነበር። በ1783 የፈረንሳይ ንግሥት ማሪ አንቷኔት ሙስሊን የሚባለውን ስስ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ለብሳ የተሳለችበት ሥዕል ፓሪስ ውስጥ ለሕዝብ ቀረበ። ሠዓሊዋ ኤልዛቤት ቪዤ ለብራን ነበረች። ተመልካቹ "ንግሥት እንዴት በውስጥ ልብስ ትሳላለች!" ብሎ ተንጫጫ። ሥዕሉ ተነሥቶ በሌላ ተተካ። ይሁንና ብዙም ሳይቆይ ያ "የውስጥ ልብስ" የሁሉም ሆነ። በእሳተ ገሞራ ተቀብራ ቆይታ ከ1748 ጀምሮ በተቆፈረችው በጥንታዊቷ የሮማውያን ከተማ በፖምፔይ የተገኙት ሥዕሎችና የግሪክ ሐውልቶች የሰውን ዓይን ለውጠው ነበር። ሁሉም ሐውልት መምሰል አማረው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ፋሽኑ ከትልልቆቹ ወደ ልጆች አልወረደም። ተገላቢጦሽ ነው። ሴቶቹ ገና በሽቦ ተወጥረው ሳሉ ትንንሽ ሴት ልጆች ነጭ የጥጥ ቀሚስ ለብሰው ወገባቸውን በሰፊ ጥብጣብ ታስረው ይሮጡ ነበር። እናቶቹ ያንን ምቾት የወረሱት ከዓመታት በኋላ ነው። ትንንሽ ወንዶች ልጆችም በዚያ ዘመን ሱሪ እስኪለብሱ ድረስ ቀሚስ ነበር የሚለብሱት። ስለዚህ ይህን ስፌት ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ምክሬ አንድ ነው፤ ከልጅ ቀሚስ ጀምሩ። ጨርቁ ትንሽ ነው። ልኩ ቀላል ነው። ታሪኩም ከዚያው ይጀምራል።

ጨርቁስ ከየት መጣ? ምርጡ ሙስሊን ይሠራ የነበረው ቤንጋል ውስጥ፣ በዛሬዋ ባንግላዴሽ በዳካ አካባቢ፣ በሜግና ወንዝ ዳር ከሚበቅል የጥጥ ዝርያ ነበር። በእጅ ተፈትሎ በእጅ ይሸመን ነበር፤ ሽመና የሚያውቅ ሰው የዚያን ሥራ ድካም መገመት አያቅተውም። በኋላ ሳሙኤል ክሮምፕተን በ1779 የፈለሰፈው የመፍተያ ማሽን እንግሊዝ አገር ስስ ክር በብዛት እንዲመረት አደረገ። ዋጋው ወረደ፣ ቀሚሱ ወደ መካከለኛው ኑሮ ቤትም ገባ። ለፋብሪካዎቹ የሚላከውን ጥጥ በብዛት የሚለቅሙት ደግሞ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ፤ የዳካ ሸማኔዎችም ገበያቸው ተዘጋ። ነጭነቱ የሚያምረው ቀሚስ ከጀርባው ይህም አለበት።

ከውስጥ እንጀምር

የዘመኑ ሴት ከሥር ሦስት ነገር ትለብሳለች። ገላዋን የሚነካ ልቅ የበፍታ ወይም የጥጥ ውስጥ ልብስ። በላዩ ጡትን ከሥር ደግፎ ወደ ላይ የሚያነሣ ኮርሴት። ከዚያ በላይ ደግሞ በትከሻ ማንጠልጠያ የተያዘ የውስጥ ጉርድ።

ኮርሴት ሲባል ወገብ የሚያንቅ ነገር አይታያችሁ። እሱ የኋለኛው ዘመን ነው። የሪጀንሲው ሥራው ሌላ ነው፤ ጡትን ከፍ አድርጎ መያዝና ጀርባን ማቅናት። ቀሚሱ የሚታሰርበት መስመር በጣም ከፍ ያለው ለዚህ ነው። ጡቱ ከፍ ስላለ ሥሩም ከፍ አለ። ዛሬ በተራ ጡት መያዣ ላይ ያንኑ ቀሚስ ብትለብሱ ስፌቱ ጡቱ ላይ ይወጣል፤ ልብሱ የተበደረ ይመስላል።

ኮርሴት ስፉ አልልም። ለመጀመሪያ ቀሚስ ደንበኛ የሚደግፍ ጡት መያዣ አድርጋችሁ ማንጠልጠያውን ማሳጠር ይበቃል። ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ነው። ልክ ከመውሰዳችሁ በፊት ያን ቀን ከሥር የምትለብሱትን ልበሱ። ከጡት ሥር ቀጭን ላስቲክ እሰሩ። እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ፣ ተቀመጡ፣ ጎንበስ በሉ። ላስቲኩ በመጨረሻ የሚያርፍበት ቦታ ነው የቀሚሱ ወገብ። ሁሉንም ልክ ከእሱ አንሥታችሁ ውሰዱ።

የውስጥ ጉርዱን ግን መዝለል አይቻልም። ስስ ነጭ ጨርቅ ብርሃን ፊት ሲቆም ገላ ያሳያል። ከዚህም በላይ ጉርዱ ከሌለ ቀሚሱ በእግር መካከል እየገባ ይጣበቃል። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ዙሪያ ያለው፣ በትከሻ የሚንጠለጠል ያልሸበሸበ ጉርድ ከአቡጀዲ ብትሰፉ ሥራውን ይሠራል። የዚያ ዘመን ሴቶች ቀሚሳቸው ገላ ላይ እንዲጣበቅ ውሃ ይረጩበት ነበር የሚባለውን ወሬ ደግሞ እርሱት። የሚቀልዱባቸው ሰዎች ያጋነኑት ነገር ነው።

አሁን ወደ ጀርባ

የዛሬን ልብስ ገልብጣችሁ ተመልከቱ። የትከሻው ስፌት በትከሻ አናት ላይ ይሄዳል። የጎኑ ስፌት በቀጥታ ከብብት ሥር ይወርዳል። እጅጌው የሚገጠምበት ቀዳዳ ሰፊ ነው፣ ወደ ታችም ወረድ ይላል። በሪጀንሲ ቀሚስ ሦስቱም ቦታቸው ሌላ ነው።

የትከሻው ስፌት ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከአንገት ወደ እጅጌ ሲሄድ በሰያፍ ይወርዳል። የጎኑ ስፌት ብብት ሥር የለም። ከእጅጌው ቀዳዳ የኋላ ጎን ተነሥቶ ወደ ጀርባ መሐል ታጥፎ ይወርዳል። እነዚህ መስመሮች ሲገናኙ መካከለኛው የጀርባ ቁራጭ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለ ቅርጽ ይይዛል። አንዳንዱ ቀሚስ ላይ ታችኛው ጫፍ ከአንድ መዳፍ ወርድ ብዙም አይበልጥም። የሚያየው ዓይን በእነዚህ መስመሮች ተመርቶ ጀርባውን ከእውነቱ ጠባብ፣ አንገቱን ረጅም አድርጎ ያየዋል። የቀሚሱ ውበት ያለው እዚህ ነው።

እጅጌውም የዚህ አካል ነው። ቀዳዳው ትንሽ ነው፣ ወደ ብብትም ተጠግቶ ከፍ ይላል። "ታዲያ አይጨንቅም?" የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። መልሱ ተቃራኒ ነው። ሰፊ ቀዳዳ ያለውን ሸሚዝ ለብሳችሁ እጃችሁን አንሡ። ሸሚዙ በሙሉ ተጎትቶ ይነሣል፤ እጅጌው የተያያዘው ከብብት ራቅ ብሎ ታች ስለሆነ ነው። ቀዳዳው ብብት ድረስ ሲጠጋ ግን እጅ ሲነሣ የላይኛው ክፍል ባለበት ይቀራል። ወገቡ ጡት ሥር ለሆነ ልብስ ይህ ወሳኝ ነው። ቀዳዳው ዝቅ ካለ እጃችሁን ባነሣችሁ ቁጥር ወገቡ ጡት ላይ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ወደ ታች ስትጎትቱት ትውላላችሁ።

ለክንድ እንቅስቃሴ የሚያስፈልገው ትርፍ ጨርቅ የሚቀመጠው እጅጌው ላይ ነው። ሽብሽቡ ግን ዙሪያውን እኩል አይበተንም። ከብብት ሥርና ከፊት ለፊት እጅጌው ሳይሸበሸብ ይገጠማል፤ ሽብሽቡ ከአናቱ ጀምሮ ወደ ኋላ ይከማቻል። ክንድ ወደ ፊት ሲዘረጋ ጨርቅ የሚፈለገው ከኋላ ነውና።

ቤታችሁ ያለ ዘመናዊ ፓተርን፣ ማለትም የልብስ መቁረጫ የወረቀት ንድፍ፣ ካለ ሊለወጥ ይችላል። በወረቀቱ ላይ ከኋላው ትከሻ፣ በአንገት በኩል አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር፣ በእጅጌ በኩል ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ቁረጡና ያንኑ ቁራጭ ከፊተኛው ትከሻ ጋር ለጥፉ። ልኩ አይቀየርም፤ ስፌቱ ብቻ ቦታ ይለውጣል። ቀጥሎ ከእጅጌው ቀዳዳ የኋላ መካከል እስከ ወገቡ ድረስ፣ ወደ ጀርባ መሐል የተጠጋ ጎባጣ መስመር ሥሩና በእሱ ቁረጡት። ከጎን የቀረውን ቁራጭ ከፊቱ ጋር አያይዙት። በመጨረሻ የብብቱን ሥር አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ላይ ሙሉት። በየተቆረጠው ጠርዝ የስፌት ትርፍ መጨመር እንዳትረሱ።

ከዚያ ዋናውን ጨርቅ አትንኩ። በአቡጀዲ ሞክሩት። የላይኛውን ክፍል ብቻ ቆርጣችሁ በሰፋፊ ስፌት አያይዙት፣ ልበሱት፣ ሰው ከኋላ በስፒል ያስተካክልላችሁ። ብቻችሁን ከሆናችሁ በስልክ ጀርባችሁን አስነሡ፤ በመስታወት ተጠማዝዞ ማየት ልኩን ያዛባዋል። ጀርባው ላይ ምንም አግድም መጨማደድ መኖር የለበትም። ትከሻችሁን ወደ ኋላ ትንሽ ሳብ የሚያደርጋችሁ ከሆነ ግን አታስፉት፤ እንደዚያ ነው የሚፈለገው። ሲበቃችሁ አቡጀዲውን ተርትራችሁ በእሱ ልክ ዋናውን ቁረጡ። ያው አቡጀዲ ገበር ሊሆንም ይችላል።

ልብስ ሰፊ ዘንድ የምትወስዱ ከሆነም ይህን የአቡጀዲ ሙከራ ይዛችሁ ሂዱ። "ከጡት ሥር የሚታሰር ቀሚስ" ካላችሁት ሰፊው የሚያውቀውን ነው የሚሰፋላችሁ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ስለ ጨርቁ

ስስ፣ ለስላሳ፣ በራሱ የሚወርድ ጥጥ ነው የሚፈለገው። ቮይል ወይም ባቲስት ተብሎ የሚሸጠው ጥሩ ነው። የነጠላ ያህል የሳሳ አገርኛ ፈትልም ያምርበታል፤ ለዚህ መነን ሁነኛ ነው። ወርዱ ጠባብ ስለሆነ ግን ለጉርዱ ሦስት አራት ቁራጭ ማገጣጠም ግድ ይላል። ደረቅ የሆነ፣ አጥፋችሁት ቆሞ የሚቀር ጨርቅ አትግዙ። ሽብሽቡ ይቆምና ጃንጥላ ይሆናል። ሱቅ ውስጥ ጠርዙን በእጃችሁ ሰብስባችሁ ልቀቁት። ከእጃችሁ እንደ ውሃ ከፈሰሰ ውሰዱት።

ሻጩ "ንጹሕ ጥጥ ነው" ካለና ከተጠራጠራችሁ፣ ከጠርዙ አንድ ሁለት ክር መዝዛችሁ ቤት ስትገቡ በክብሪት ሞክሩት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ግራጫ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ፖሊስተር ሳቲን ለዚህ ቀሚስ አይሆንም። ያብለጨልጫል፣ ያሞቃል፣ ሽብሽቡም አይተኛም።

ነጭ ብቻ ነው ብላችሁ ደግሞ አትጨነቁ። ነጭ የክብር ነበር፤ ንጹሕ አድርጎ ለመያዝ አጣቢ መቅጠር ስለሚጠይቅ። ለአዘቦት ቀን ጥቃቅን አበባ ያለው የታተመ ጥጥ ይለበስ ነበር። ለሚሮጥ ልጅ እሱ ይሻላል። ምንም ይሁን ምን ግን ጨርቁን ሳትቆርጡ በሙቅ ውሃ እጠቡት። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ያጥራል። ከተሰፋ በኋላ ካጠረ ወገቡ የት እንደሚደርስ አስቡት።

የስምንት ዓመት ልጅ ቀሚስ

በቁጥር እንሂድ። የልጅቷ ደረት ዙሪያ 64 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ለመተንፈሻና ለመጫወቻ 6 ጨምሩ፤ 70 ይሆናል። ግማሹ፣ 35፣ ለፊት፤ ግማሹ ለኋላ። ኋላው ለሁለት ይከፈላል፤ የልጅ ቀሚስ የሚከፈተው ከጀርባ ነው።

ከደረቷ ሥር እስከ ቁርጭምጭሚቷ በላይ 70 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ለቅምቅማት 5፣ ለላይኛው ስፌት አንድ ተኩል። አሁን ብልሃቱ ይመጣል። የዘመኑ ሰፊዎች ከጉርዱ ጠርዝ በላይ ሁለት ሦስት ዙር አግድም እጥፋት ይሰፉ ነበር። ሲታይ ጌጥ ነው። ሥራው ግን ማስረዘሚያ ነው። 2 ሴንቲ ሜትር የሚወጣ እጥፋት 4 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ይውጣል። ሁለት እጥፋት 8 ይይዛል። በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ በዓመት 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ታድጋለች። ስለዚህ በየዓመቱ አንዱን እጥፋት ብትተረትሩላት ቀሚሱ አብሯት ይረዝማል። ተደምሮ የጉርዱ ቁመት 85 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ጨርቁ 110 ወርድ ካለው ሁለት ጊዜ 85 ቁረጡ። አንደኛው በሙሉ ወርዱ ለኋላ ይሁን። ሁለተኛውን ወደ 70 አጥብቡትና ለፊት አድርጉት። ከጎኑ የሚተርፈው 40 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ቁራጭ ሁለቱን እብጥ እጅጌዎች ያወጣል፤ ምንም አይባክንም። ለላይኛው ክፍል ሌላ 25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። ማጠሩን ጨምሮ 2 ሜትር ከሩብ ብትገዙ ትድናላችሁ።

ጉርዱን ከላይኛው ክፍል ጋር ስታያይዙ ያ የጀርባ ነገር እንደገና ይመጣል። ዙሪያውን እኩል አትሸብሽቡ። ጎንና ጎኑ ሲሰፋ ጉርዱ 174 ሴንቲ ሜትር ያህል ዙሪያ ይኖረዋል። ከዚህ 55 ብቻ ለፊተኛው 35 ስጡት። ቀሪው 120 ገደማ ወደ ኋላ ይሂድ፤ እሱም ቢሆን ወደ መሐል እየጠበቀ። የጉርዱ የጎን ስፌት ከላይኛው የጎን ስፌት ጋር አይገጥምም። አይግጠም፣ ችግር የለውም። ፊቱ ሳይነፋ ይወርዳል፣ ኋላው ጥቅጥቅ ብሎ ይፈስሳል። የእርጉዝ ቀሚስ መምሰሉ የሚጠፋው በዚህ ነው።

ሽብሽቡን በአንድ ረድፍ ክር አትሥሩ። በስፌት መኪናው ረጅሙን ስፌት መርጣችሁ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ሁለት ረድፍ ስፉ። ከሥር ያሉትን ሁለቱን ክሮች አንድ ላይ ሳቡ። አንድ ረድፍ ብቻ ከሆነ ሽብሽቡ ይንከባለላል፣ ከተበጠሰም ሥራው ሁሉ ከዜሮ ነው። በስፒል ስትይዙት ሽብሽቦቹን በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ወደ ታች ደባብሷቸው፤ ቀጥ ብለው ይሰለፋሉ።

መዝጊያው ቀላል ነው። በዘመኑ አንገቱና ወገቡ ላይ ክር ማስገቢያ ተሰፍቶ በቀጭን ጥብጣብ ከኋላ ይታሰር ነበር። ልጅቷ ስትወፍር ይላላል፣ ስትቀጥን ይጠብቃል። ለትንንሽ ልጆች ግን አንገት ላይ ገመድ አደገኛ ነው፤ የአውሮፓ የልጆች ልብስ ደኅንነት መስፈርትም አይፈቅደውም። ስለዚህ አንገቱን ሸብሽባችሁ ስፉትና በትንንሽ ቁልፍ ዝጉት። ዚፕ አታድርጉ። በዘመኑ ያልነበረ መሆኑ ይቅርና፣ ድርቀቱ የኋላውን ሽብሽብ ያጠፋዋል። ከጉርዱም የኋላ መሐል ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰንጥቃችሁ ጠርዙን ቀምቅሙት፤ አለዚያ በትከሻዋ አያልፍም።

አንድ ነገር ልጨምር። ስስ ጥጥ ሲሸበሸብ እሳት ቶሎ ይይዘዋል። ልጅቷ ይህን ለብሳ ከሰል ከተያያዘበት ማንደጃ አጠገብ አትሩጥ።

የትልቅ ሰው ሲሆን

አካሄዱ ያው ነው፤ ከ4 እስከ 5 ሜትር ጨርቅ ይፈልጋል። የሚለየው ፊቱ ነው። ቀላሉ ዓይነት የፊት ደረቱ ሰፋ ብሎ ይቆረጥና ከላይ በአንገቱ፣ ከታች በወገቡ በጥብጣብ ይሰበሰባል። ጡት ትልቅም ይሁን ትንሽ ይቀበላል፤ ጥብጣቡን ማላላትና ማጥበቅ ነው። ስለ ልክ ለምትጨነቁ እሱን ምረጡ።

ሌላው ዓይነት የበለጠ ያዝናናል። ጀርባው ምንም መክፈቻ የለውም። ጉርዱ ፊቱ ላይ በግራና በቀኝ ተሰንጥቆ፣ ከደረቱ ጋር ተያይዞ እንደ ሽርጥ ወደ ታች ይወድቃል። መጀመሪያ ከሥር ያለው ገበር ጡት ላይ ይደራረብና በስፒል ይያዛል። ከዚያ የወደቀው ፊት ይነሣና ማሰሪያው ወደ ኋላ ዞሮ ይታሰራል። ደረቱ ትከሻ አጠገብ በሁለት ስፒል ወይም ቁልፍ ይዘጋል። የሚያለብስ ሰው ለሌላት ሴት ሁነኛ ልብስ ነበር። ዛሬም ብቻዋን ለምትለብስ ይመቻል።

አንገቱ ገላጣ ነው ብላችሁ የተዋችሁትም ካላችሁ አትተዉት። ያ ገላጣ አንገት ለማታ ግብዣ ነበር። ቀን ቀን ከሥር ኮሌታ ያለው፣ እጅጌ የሌለው፣ ደረትና ትከሻ ብቻ የሚሸፍን ስስ ልብስ ይገባበታል። ከግማሽ ሜትር ጨርቅ ይወጣል። ለብርድ ደግሞ ወገቡ እዚያው ጡት ሥር የሚቀር አጭር ጃኬት አለ፤ በእንግሊዛዊው ባላባት በኧርል ስፔንሰር ስም ስፔንሰር ይባላል። ከካሽሚር የሚመጣ ሰፊ ሻልም በክንድ ላይ ይጣል ነበር። የናፖሊዮን ሚስት ጆሴፊን በእሱ ፍቅር የታወቀች ናት። ጥለቱ ያማረ ነጠላ ያላችሁ ሰዎች እሱን ደርቡበት፣ ቦታውን ይሞላል። ኪስ ግን አትፈልጉ። ቀሚሱ ስስ ስለሆነ ኪስ አይችልም፤ ሴቶቹ በእጅ የሚንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ መያዝ የጀመሩት በዚህ ምክንያት ነው። ከትርፍራፊው ጨርቅ ይሰፋል።

በእጅ ወይስ በመኪና?

የስፌት መኪና ቤት የገባው ከ1850ዎቹ ወዲህ ነው። ስለዚህ ያ ዘመን ሁሉ በእጅ ነው የተሰፋው፤ ጉርዱ በወጣ ገባ ስፌት፣ ጉልበት የሚያርፍበት የላይኛው ክፍል ደግሞ መርፌው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እየተመለሰ በሚሄደው ጠንካራ ስፌት። ሙዚየም ካልሆነ ረጃጅሞቹን የውስጥ ስፌቶች በመኪና መስፋት ነውር የለውም። ማንም አያያቸውም። ለስስ ጨርቅ 60 ወይም 70 ቁጥር መርፌ አስገቡ፤ ወፍራሙ ይበሳዋል።

በእጅ መሠራት ያለባቸው ሁለት ቦታዎች ግን አሉ። የአንገቱ ዙሪያና የጉርዱ ቅምቅማት። በመኪና የተቀመቀመ ስስ ጥጥ ጠርዙ ደርቆ ይቆማል፣ ከሩቅም ይታወቃል። በእጅ ሲሆን መርፌዋ ከጨርቁ አንድ ሁለት ክር ብቻ እያነሣች ስለምታልፍ ጠርዙ ለስልሶ ይወድቃል። አንድ ፊልም እያያችሁ ያልቃል።

ቅምቅማቱን ከመስፋታችሁ በፊት ቀሚሱን አንድ ሌሊት ሰቅላችሁ አሳድሩት። ጨርቁ በክብደቱ ትንሽ ይወርዳል። በነጋታው ከውስጥ ጉርዱ ጋር፣ በሚደረገው ጫማ ላይ ልበሱት፤ በሌላ ሰው እጅ ዙሪያውን ከወለል ለኩት። የዘመኑ ጫማ ተረከዝ የሌለው ስለነበር ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ። ለቀን የሚለበስ ከሆነ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቁም። ካውያውን ገና እርጥብ እያለ አሳልፉበት፣ ሽብሽቡ ላይ ግን በጫፉ ብቻ፤ ከታች ወደ ስፌቱ እየገፋችሁ። ጠፍጥፋችሁ ከተኮሳችሁት ያ ሁሉ የጀርባ ሽብሽብ ይተኛል፤ እንደገና ውሃ አርከፍክፎ ማንሣት ነው።